ያልሞከርኩት ከፍታ

የጉዞ ትእዛዙ የደረሰን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሻይ እየጠጣን ሳለ ነው። አዛዣችን ወረቀቱን ቆመው አነበቡት። «ስኳድሮኑ ዛሬውኑ ወደ ምሥራቅ ግንባር ይዛወራል። መነሻ ስምንት ሰዓት።» በቃ፣ ይኸው ነው። ጥያቄ ያለው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም ያን ጊዜ አይጠየቅም። ዐሥራ ሁለት ተዋጊ አብራሪዎችና ሠላሳ ያህል መካኒኮች ነበርን። ሻያችንን ትተን ተነሣን።

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለሴቻ ሰፈር ወጣቶች ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን ዓባያ ሐይቅ ላይ ዞሮ አርባ ምንጭ ሊያርፍ ዝቅ ሲል በራፌ ላይ ቆማችሁ «ጋሼ፣ እርስዎም እንዲህ ነበር የሚያበሩት?» ትሉኛላችሁ። ኧረ እንዲህ አልነበረም! ያ ብስኩት የሚታደልበት አውሮፕላን ነው። እስከ ዛሬ ስትጠይቁኝ እየቀለድኩ አሳልፌአችኋለሁ። አሁን ግን እነግራችኋለሁ። የምነግራችሁ ስለ አንድ ፊርማና ስለ ሁለት ሰዎች ነው። ጀግንነት መስማት የፈለገ ሌላ ቤት ያንኳኳ።

የደረስንበት ሜዳ አጭር አስፋልትና ጥቂት ድንኳኖች ብቻ ነበሩት። ሙቀቱ፣ ዶርዜ ብርድ ላይ ላደግሁት ለእኔማ አይነገርም። ከቀትር በኋላ የአውሮፕላኑን ክንፍ በባዶ እጁ የነካ ቆዳውን እዚያው ትቶ ይነሣል። ከሜዳው በስተምሥራቅ አንድ ኮረብታ አለ። እግረኛው ጦራችን እሱን ይዞ ጠላትን አላሳልፍም ብሏል። ካርታው ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም፤ እኛ «ጉብታው» እንለው ነበር። ጉብታው ከተያዘ እኛም፣ ከኋላችን ያለው ከተማም አለቀልን ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ወጣን። ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ገና ሲነጋ። ሦስት ሰዓት። ሰባት ሰዓት። ዐሥር ሰዓት። ተኮስን፣ ተመለስን፣ ነዳጅ ሞላን፣ ተነሣን። በሁለተኛው ቀን አንዱ ጓዳችን አልተመለሰም። በአምስተኛው ቀን ሌላው። ክንፉ ተመትቶ ሲሽከረከር አየሁት፤ ጃንጥላው አልተከፈተም። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ሰው ሞተብን። አልጋቸውን አላነሣንም። ልብሳቸውን አጣጥፈን እላዩ ላይ አስቀመጥንላቸው።

እኔም አንድ ጥያለሁ። ከጉብታው በላይ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ። ሰውዬው በጃንጥላ ወረደ። ጃንጥላው ሲከፈትለት ደስ አለኝ። ስመለስ ጓዶቼ በትከሻቸው ተሸከሙኝ፤ ደስ ያለኝ በምን እንደ ሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ሳምንት አዛዣችን አስጠሩኝ። «አንተ የሞተር ድምፅ ትለያለህ» አሉኝ። ሁለት ጊዜ «ይህ ሞተር ደስ አላለኝም» ብዬ መልሼ፣ ሁለቱም ሲፈታ ስንጥቅ ተገኝቶበት ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ከጥገና የወጣ አውሮፕላን ሁሉ መጀመሪያ አንተ ታበረዋለህ። ያለ አንተ ፊርማ ለውጊያ የሚነሣ የለም።» ከፋኝ። ጓደኞቼ እየሞቱ እኔን ከውጊያ ያወጡኝ መሰለኝ።

የአልጋ ጎረቤቴ መቶ አለቃ ጌታሁን ግን ሳቀብኝ። ጌታሁን የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ ቀድሞ የሚስቅ። «ዶርዜው! የሸማኔ ልጅ አይደለህ እንዴ? ክር ሊበጠስ ሲል ትሰማለህ። በል እየሰማህ ስጠን፣ እኛ እንሙትበት» አለኝ። ጫማዬን ወረወርኩበት። እሱን የመሰለ ጓደኛ ከዚያ በኋላ አላገኘሁም።

የመካኒኮቹ አለቃ ሻለቃ ባሻ አይዛ ይባሉ ነበር። የካምባ ሰው ናቸው። ኀምሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ። ሰው ፊት «መቶ አለቃ» ይሉኛል፤ ብቻችንን ስንሆን በጋሞኛ «ልጄ» ይሉኛል። ካምባ ጥለዋት የመጧት አማረች የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ አለቻቸው። ስለ እሷ ሲሆን ብቻ ምላሳቸው ይፈታል።

ባሻ አንድ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ሞተር መግጠም ከጀመሩበት ሰዓት አንሥቶ አውሮፕላኑ ተሞክሮ እስኪያርፍ ድረስ እህል በአፋቸው አይዞርም። ውኃ ብቻ። «ሰው ሰማይ ላይ ሰቅዬ እኔ እንጀራ ልቆርስ?» ይሉ ነበር። ያዘዛቸው የለም፤ ሌሎቹንም አላዘዙም። ግን ማን ደፍሮ እሳቸው ፊት ይበላል? ሁሉም መካኒክ ተከተላቸው። እኔ ስነሣ በማኮብኮቢያው ዳር ይሰለፋሉ፣ ሳርፍ ወደ ምግብ ይሄዳሉ። ደስ የሚል ነገር ነበረው። እላይ ሆኖ ለሚያስበው ሰው ግን ሸክም ነው፤ የሠላሳ ሰው ረኀብ ይዘህ ነው የምትበረው።

ሙከራው ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ፣ ቀጥሎ መካከል ላይ፣ ከዚያ አየሩ እስከሚሳሳበት ከፍታ ድረስ። ዋናው ሦስተኛው ነው። እዚያ ላይ ሞተሩን ታስጨንቀዋለህ፤ ጉልበቱን ድንገት ትቀንሳለህ፣ ድንገት ትጨምራለህ። የሚጠፋ ከሆነ እዚያ ይጥፋ ነው ነገሩ፤ ጠላት በሌለበት፣ መልሶ ለማስነሣት ጊዜ ባለበት። ወጥቶ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ረቡዕ ጠዋት አንድ አዲስ ሞተር መግጠም ጀመሩ። ነዳጅ አንጠበጠበ። ፈትተው እንደ ገና ገጠሙት። መሸ፣ ነጋ። ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ልነሣ ስል ባሻ ከአንድ ቀን በላይ ምንም አልቀመሱም። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ባሻ፣ ኧረ ትንሽ ይቅመሱ፣ በሞቴ!» አልኳቸው። በእጃቸው ሂድ አሉኝ።

የመጀመሪያው ደረጃ ጥሩ ነበር። ሁለተኛውም። ወደ ላይ ከመውጣቴ በፊት በሜዳው ላይ ዝቅ ብዬ አለፍኩ። መካኒኮቹ እንደ ወትሮው አልተሰለፉም፤ ክብ ሠርተዋል። መሐላቸው ሰው ተዘርግቷል። ማን እንደ ሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ወዲያው ከመቆጣጠሪያው ድንኳን በሬዲዮ ጠሩኝ። «ጉብታው ላይ ያሉት አየር ኃይል ድረሱልን እያሉ ነው። ስንት ይቀርሃል?»

ሞተሩ ንጹሕ ድምፅ ነበረው። እኔ ደግሞ በጆሮዬ ተማምኛለሁ፤ በሰው ፊት ስንት ጊዜ የተመሰገነ ጆሮ! እኔ ወጥቼ እስክወርድ ሽማግሌው በዚህ ጠራራ ፀሐይ፣ እህል አልቀምስም እንዳሉ ይሞቱብኛል ብዬ አሰብኩ። «ጨርሻለሁ፤ እያረፍኩ ነው» አልኩ።

ወርጄ ሮጥኩ። ጥላ ውስጥ አስገብተዋቸው ነቅተዋል። ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ይዤ ቀረብኩ። አልተቀበሉኝም። በጋሞኛ ጠየቁኝ።

«ላይ ድረስ ወጣህ፣ ልጄ?»

«ላይ ድረስ» አልኳቸው።

ያኔ ዳቦውን ተቀበሉኝ። የሙከራው ቅጽ ላይ ሦስት መስመር አለ። ሦስቱም ላይ ፈረምኩ።

ጌታሁን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በዚያ አውሮፕላን ተነሣ። እኔ ሬዲዮ አጠገብ ነበርኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ድምፁ መጣ። «ከፍ እያልኩ ነው፤ ከላይ እመጣባቸዋለሁ።» ዝም። ከዚያ፣ «ሞተሬ ጠፋ።» ዝም። «እያስነሣሁት ነው።» ዝም። «አልነሣ አለኝ። ዶርዜው፣ አልነሣ አለኝ!» የመጨረሻው ቃሉ ይህ ነው። አብሮት የነበረው አብራሪ ከጉብታው ጀርባ ሲከሰከስ አየው። ጃንጥላ አላየም። ለመዝለል ጊዜ ነበረው። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ሊያስነሣው ታገለ። እኔ የፈረምኩበት ሞተር ነዋ፤ አምኖኝ ነው የታገለው።

ቅዳሜ ዕለት ሁለት መርማሪዎች ከኋላ ካለው ከተማ መጡ። ልብሳቸው አቧራ አልነካውም። ጌታሁን በሬዲዮ ሞተሬ ጠፋ ማለቱን ሰምተዋል። አንድ ቃል ይዘው ነበር የመጡት፤ «አሻጥር»። ያን ጊዜ ይህ ቃል አንድ ጊዜ ከተነሣ ሰው ሳይበላ አይመለስም። የፈረምኩበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ሦስቱንም ደረጃ ሞክረሃል?»

«አዎ» አልኩ።

«ስለዚህ አንተ ስታስረክበው ደህና ነበር።»

«ደህና ነበር።»

«ካንተ በኋላ ማን ነካው?»

መልስ አልጠበቁም። ከእኔ ተረክበው ለውጊያ ያሰናዱት ባሻ አይዛ መሆናቸውን ያውቃሉ። ዐሥር ሰዓት ላይ ወሰዷቸው። ባጠገቤ ሲያልፉ ለራሳቸው እያወሩ ነበር። «ያላጠበቅሁት ብሎን ይኖራል፤ ያላጠበቅሁት ይኖራል» ይላሉ። እኔን ከመጠርጠር ራሳቸውን ጠረጠሩ።

ባሻ በተወሰዱ በአራተኛው ቀን ሌላ አውሮፕላን ለሙከራ ወሰድኩ። ከጌታሁኑ ሞተር ጋር አብሮ የመጣ ሞተር ነበር የተገጠመበት። ሦስተኛውን ደረጃ ወጣሁ። ጉልበቱን ቀነስኩ። ጨመርኩ። ሞተሩ ጠፋ። ለማስነሣት ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ወረድኩ። ሞከርኩ። እምቢ። ደግሞ ወረድኩ። አየሩ እስኪወፍር ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁና ሞከርኩ። ተነሣ። ሲፈታ፣ ነዳጅ የሚመጥነው ዕቃ ከባሕር ማዶ ሲመጣም ብልሽት እንደ ነበረበት ተገኘ። ምድር ላይ አይታይም። መካከል ላይም አይታይም። ከፍታው ላይ ብቻ። የባሻ እጅ እንደሌለበት ያን ቀን በእርግጥ አወቅሁ።

ሄጄ ለአዛዣችን ነገርኳቸው። አቋርጠውኝ አያውቁም፣ ያን ቀንም አላቋረጡኝም። ስጨርስ ቀና ብለው፣ «ታዲያ የጌታሁኑ ሦስተኛውን እንዴት አለፈ?» አሉኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አንድ ቃል ብተነፍስ ባሻ ወደ ልጃቸው ይመለሳሉ። አንድ ቃል ብተነፍስ እሳቸው ያሉበት የምገባው እኔ ነኝ። «እንጃ» አልኩ። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ስንት ዓመት ፈልጌ አላገኘሁም። አዛዣችን ባዶ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። ከዚያ «የዕቃውን ነገር ጽፈህ አምጣ» አሉኝ። ጻፍኩ። ስለ ዕቃው ብቻ፤ የፈረምኩት ቅጽ ግን የጌታሁኑ ሞተር ላይ ድረስ ደህና ነበር እንዳለ ቀረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰብስበውን አንድ ዓረፍተ ነገር ተነበበልን። «በሻለቃ ባሻ አይዛ ላይ እርምጃ ተወስዷል።» ያን ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ የማያውቅ አልነበረም። ተረሽነዋል ማለት ነው። ከመካኒኮቹ አንድም ቀና ያለ አላየሁም። ከዚያ ቀን ወዲያ እኔ ስነሣ የሚጾም መካኒክ አልነበረም።

ጉብታው አልተያዘም። ሦስት አብራሪዎች ተጨምረው ወደቁብን፣ ጦርነቱም አለቀ። እኔ ሞካሪ ሆኜ ቀረሁ። ከጥገና የወጣውን ሁሉ ለዓመታት አበረርኩ። አንድ ጊዜ ጎማው አልወርድም ብሎኝ በሆዱ አሳርፌዋለሁ። አንድ ጊዜ እሳት ተነሥቶብኝ ዘልያለሁ፤ ወገቤን እስከ ዛሬ የሚያመኝ ከዚያ ነው። ሦስተኛውን ደረጃ ሳልወጣ ግን አንድም ቀን አልፈረምኩም። ደመና ቢሆን፣ ጄኔራል ቢቆጣ፣ አልፈርምም። ወጣቶቹ አብራሪዎች «ጋሽ ሦስተኛ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ስለ ጥንቃቄዬ ሸለሙኝ። ሜዳሊያውን ደረቴ ላይ ሲያደርጉልኝ የጌታሁን «አልነሣ አለኝ» ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ሰው በዚህ ይመሰገናል? እኔ ተመሰገንኩ።

በሻለቃነት ጡረታ ወጥቼ አርባ ምንጭ ገባሁ። ምዕራብ ዓባያ ትንሽ የሙዝ እርሻ አለችኝ፤ በእሷ እውላለሁ። ካምባን ግን ረግጬ አላውቅም። ለቅሶ ሲሉኝ አሞኛል እላለሁ፣ ሠርግ ሲሉኝ ወገቤ እላለሁ።

ባለፈው ዓመት የቀድሞ ወታደሮችን አዳራሽ ጠርተው አከበሩን። እኔን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው ጋቢ አለበሱኝ፤ ለእኔ ክብር ብለውም የስኳድሮናችንን ሙታን ስም አነበቡ። ስምንት ስም። ሁሉም «በጠላት ጥይት»፣ ጌታሁንም ጭምር፤ ለቤተሰብ በአሻጥር ሞተ ተብሎ አይጻፍም ነበር። ከኋላ አንዲት ጸጉሯ መሸበት የጀመረ ሴት ተነሣች። «የአባቴ ስም አልተጠራም» አለች። «ሻለቃ ባሻ አይዛ።» መድረኩ ላይ ያለው ሰው ወረቀቱን ገለበጠ። «የእሳቸው ጉዳይ ሌላ ነው፣ እትዬ። ይቀመጡ» አላት። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የአሻጥረኛው ልጅ ናት» አለኝ።

አማረች ናት። ያቺ የሦስት ዓመቷ። ቆማ ትንሽ ጠበቀች፤ አንድ ሰው የሚናገርላት መስሏት ይሆናል። ከዚያ ተቀመጠች። እኔም ጋቢዬን እንደ ለበስኩ ተቀምጬ ቀረሁ።

በሳምንቱ ለፓስተሬ ነገርኩት። ደግ ሰው ነው። «ለእግዚአብሔር ተናዝዘው ከሆነ ይቅር ብሎዎታል፤ ያለፈውን ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። «ለእግዚአብሔርማ ነግሬያለሁ» አልኩት፤ «እግዚአብሔር ግን ካምባ ሄዶ አይነግርልኝም።» አባቶቻችን የተሸሸገ በደል ጎሜ ነው ይላሉ፤ በአደባባይ እስኪነገር ከሰው ቤት አይወጣም። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ነገር አትወድም። እኔም ካምባ የሄድኩት ጎሜ ፈርቼ አይደለም። የሄድኩት ያቺ ሴት ተቀመጪ ስለ ተባለች ነው።

ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ ላይ ተቀመጡልኝ፤ ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት ሜዳ ነው። አማረችም መጣች። እዚያው ካምባ መምህርት ናት። እርጥብ ሳር ይዤ በዚህ ወገቤ ተንበረከኩ። ታላቁ ሽማግሌ «ሁሉንም ተናገር፤ የምታስቀረው ይብስብሃል» አሉኝ። ተናገርኩ። ዳቦውን፣ ፊርማውን፣ ድንኳኑን፣ «እንጃ» ማለቴን።

«ሻለቃ» አለችኝ አማረች። «ቢናገሩ ኖሮ እርስዎን ይገድሉዎት ነበር?»

«ይመስለኛል።»

«ያውቃሉ ወይስ ይመስልዎታል?»

«ይመስለኛል» አልኩ።

«እናቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች። እኔ ክፍል ውስጥ ጀርባዬን ለተማሪ በሰጠሁ ቁጥር የሚሉትን ሰምቼ ነው ያረጀሁት።»

ሽማግሌው ሳሩን ከእጄ ትቀበል ዘንድ ለመኗት። ከተቀበለች ታርቀናል ማለት ነው። አየችው። «ዛሬ አልቀበልም» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እዚህ ያለነው ሠላሳ ሰው ነን። አባቴን አሻጥረኛ ያለው ሠላሳ ሰው አይደለም። በስምዎ ይጻፉት፣ ሁሉም ያንብበው። ለዚያ ለሞተው ልጅ ቤተሰብም ይንገሩ። ከዚያ ይምጡ፤ ያን ጊዜ አያለሁ።» ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እውነቷን ነው» አሉ፣ ተነሥ አሉኝ።

ደብረ ብርሃን ደወልኩ። የጌታሁን ታናሽ ወንድም በሕይወት አለ። ሁሉንም ነገርኩት። «እናታችን ጠላት መትቶት ሞተ ብላ ነው የተጽናናችው» አለ። «ጀግና ሆኖ ነው የሞተው» አልኩት። «አንተ አትንገረኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። መብቱ ነው።

ይኸው ጻፍኩት። በተኩስ መሐል ፈሪ አልነበርኩም፤ አብረውኝ የነበሩ ይመሰክራሉ። ሰው ጦር ሜዳ ላይ የሚፈተነው በጥይት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔ የወደቅሁት ድንኳን ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ አንድ ሰው በጨዋ ድምፅ ሲጠይቀኝ ነው። ይቅርታ እንድታደርጉልኝ አይደለም የምነግራችሁ። ያ ከእናንተ አይደለም የሚጠየቀው።

የስኳድሮናችን ሙታን ስምንት ናቸው ተብሎ ተነቧል። ዘጠኝ ናቸው። ሰባቱን ጠላት ገደላቸው። መቶ አለቃ ጌታሁንንና ሻለቃ ባሻ አይዛን የገደልኳቸው እኔ ሻለቃ ዘካርያስ ነኝ።